60 ልጅ፣ 40 ደቂቃ፦ ለክፍላችሁ የቱን ተግባር ትመርጣላችሁ?

ጎጃም ውስጥ አንደኛ ደረጃ የምታስተምሩ ከሆነ ጣጣውን ታውቁታላችሁ። የመምህሩ መምሪያ «ተማሪዎችን በቡድን ከፍላችሁ ሙከራውን አሠሩ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ሆነው ተጣበዋል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ተጠርቶ ሰሌዳ እስኪጠረግ ከዚያ ላይም ይቀነሳል። ዕቃው የትምህርት መርጃ መሣሪያ በሚቀመጥበት ማበልፀጊያ ማዕከል ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ስብሰባ ሄዷል።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ነው። አማራጮቹን ሁለት ሁለት እያደረግኩ የቱ መቼ እንደሚሻል እናገራለሁ። ወላጆችም ብታነቡት አይከፋም። ልጃችሁ «ለጉዞ ብር አምጡ ተብለናል» ሲላችሁ ምን እየከፈላችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሥራ ሲሠራ ስንት ልጅ ቆሞ ያያል? ሥራው ያማረ ይሁን፣ ሱፐርቫይዘሩ ይውደደው፣ ፎቶው ይመር፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። አምስት ልጅ ሠርቶ 55ቱ ካየ ተግባር አይባልም፤ ትርኢት ነው። ትርኢትም ቦታ አለው፣ ግን ስሙን እንወቅለት።

መምህሩ ሠርቶ ያሳይ ወይስ ልጆቹ ይሥሩ?

መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ሠርቶ ሲያሳይ የሚያየው የፊተኛው ረድፍ ነው። ከኋላ ያሉት የመምህሩን ጀርባ ያያሉ። ሆኖም እሳት፣ የፈላ ውሃ ወይም ምላጭ ካለበት ሌላ ምርጫ የለም። ዕቃው አንድ ብቻ ሲሆንም እንደዚያው።

ለምሳሌ ትምህርት ቤቱ አንድ ቴርሞሜትር አለው እንበል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 94 ይጠጋል። እዚህ ላይ መምህሩ ያፍላ። ግን ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ልጅ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ አንድ ልጅ ወጥቶ ያንብብ። ግምቱን የጻፈ ልጅ ከኋላ ቢቀመጥም ጆሮው ይቆማል፤ የእሱ ቁጥር ነው የሚፈተነው። «መጽሐፉ ዋሸ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ያ ጥያቄ ሲመጣ ትምህርቱ ገና ተጀመረ ማለት ነው። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ለሱ ስጡት።

ሌላውን ሁሉ ልጆቹ ይሥሩት። የኔ ምርጫ ባቄላ ማብቀል ነው። ሁሉም ያውቀዋል ብላችሁ አትናቁት። ዕቃው በነጻ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ማድረስ ይቻላል፤ ሥራውም በአንድ ቀን አያልቅም።

አሠራሩ ይህ ነው። ባዶ ሃይላንድ ከመሃሉ ይቆረጣል። መቁረጡን እናንተ ቤት ጨርሳችሁ ኑ። ልጆቹ ውስጡን በእርጥብ ሶፍት ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይሸፍኑታል። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ በጨርቁና በጠርሙሱ ግድግዳ መሃል ይገባል። ከውጭ መታየት አለበት፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋት፤ ከቋተ ባቄላው ይሸታል። ቆላና ወይና ደጋ ላይ ቶሎ ይነቃል። ደጋ ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል።

መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው። ልጆቹ ቅጠል ስለሚጠብቁ ይገረማሉ። ሥሩ የጣት አንጓ ሲያህል ጠርሙሱን በጎኑ አስተኙት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጫፉ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ሲያመራ ታገኙታላችሁ። ማንም አልነገረውም፣ ማንም አልመራውም። አንዱን ጠርሙስ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ቡቃያው ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ስለ ብርሃን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቻርት የለም።

ከቤት ጋር ማገናኘቱም ቀላል ነው። የጎጃም ልጅ ብቅል ሲበቅል ያላየ ብዙ የለም፤ ጎንቆልም በልቷል። «እናታችሁን ጠይቁ፤ ብቅል ስንት ቀን ይፈጃል? ለምን ይሸፈናል? በቅሎ ሳያልቅ ለምን ይሰጣል?» በሏቸው። መልሱን ይዘው ሲመጡ ክፍሉ ውስጥ ያለው እውቀት ከመጽሐፉ ይበልጣል።

አምስት አምስት ወይስ ሁለት ሁለት?

የአምስት ልጆች ቡድን በወረቀት ላይ ያምራል። ክፍል ውስጥ ግን ጎበዟ ትሠራለች፣ ጎኗ ያለው ይገለብጣል፣ ሦስቱ ይሳሳቃሉ። ሪፖርት የምታቀርበውም ያችው ጎበዝ ናት። ዴስኩን ለማዞር ብቻ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ ድምፁን የጎረቤት ክፍል መምህር ያውቀዋል።

ጥንድ ይሻላል። ዴስክ አይንቀሳቀስም፤ ልጁ ወደ ጎን መዞር ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ዝም ካለ ወዲያው ይታወቃል። ቡድን የሚያስፈልገው ሥራው በእውነት ብዙ እጅ ሲፈልግ ነው፦ ሜዳ መለካት፣ መደብ መቆፈር፣ አጭር ድራማ። ለ«ተወያዩ» ሁለት ይበቃል። ሦስት በተቀመጡበት ዴስክ ሦስት ይሁኑ፣ ችግር የለውም።

ማባዣ በቃል ወይስ ገበጣ?

በዚህ ነገር መምህራን ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ወገን በቃል ማስያዝ ጊዜው አልፎበታል ይላል። ይህን በጎጃም ምድር ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ዳዊት በቃሉ ደግሞ ነው ሌላውን የሚጀምረው። በቃል መያዝ ነውር አይደለም። ሰባት በስምንትን በጣቱ የሚቆጥር የ5ኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ መከራውን ያያል።

ችግሩ ያለው በጋራ መጮሁ ላይ ነው። 60 ልጅ በአንድ ድምፅ «ሰባት በስምንት…» ሲል አሥሩ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። እነማን እንደሆኑ አታውቁም። ስለዚህ በቃል ማስያዙን አትተዉት፣ ወደ ጥንድ አውርዱት፦ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። በየቀኑ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ በቂው ነው።

ገበጣ ሌላ ነገር ይሰጣል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። አጨዋወቱ እንደየሰፈሩ ይለያያል፤ ልጆቹ የሚያውቁትን ያዙ። ጠረጴዛ አያስፈልግም፤ ግቢው አፈር ከሆነ በእንጨት ይቆፈራል። ገና ሳይጀመር 12 በ4 ስንት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፣ አለዚያ ጠጠሩ ይጎድላል። ሲጫወቱ ደግሞ ልጁ እያንዳንዷን ጠጠር ሳያወርድ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምትወድቅ በአእምሮው ማስላት አለበት። አንዱን አማራጭ ከሌላው ያወዳድራል። ተጋጣሚው ምን እንደሚያደርግም ያስባል። በቃል ማስያዝ ይህን አይሰጥም፤ ገበጣም ሰባት በስምንትን አያስይዝም።

እኔ ብሆን ማባዣውን በየቀኑ፣ ገበጣውን ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ አደርገዋለሁ። ዓርብ ማንም የማይማርበት ሰዓት እሱ ነውና። ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ገበጣ ይከብዳል። ለነሱ ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ይበቃል፤ ሰኞ ማክሰኞው ላይ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው።

ሩቅ ጉዞ ወይስ እስከ ወፍጮ ቤት?

ወላጅ ብር የሚያወጣው፣ ልጅ እንቅልፍ የሚያጣው፣ ርዕሰ መምህር ደግሞ የሚፈራው ጉዞ ነው።

ጎጃም ለጉዞ የታደለ አገር ነው። ጢስ አባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአባይ ምንጭ ግሽ አባይ ሰከላ አለ። እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጅብራና ጓሳ የሚባሉት የውርጭ አገር ተክሎች በቦታቸው ቆመው ይታያሉ። መራዊ አካባቢ ቆጋ ግድብ አለ፤ የተሠራው ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱ። በነዚህ ዓመታት ጎጃም ውስጥ ጉዞ ማቀድ ቀላል እንዳልሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ንግግሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጅ ይዞ «እንሞክረው» አይባልም።

መንገዱ ሰላም ቢሆንስ? ያኔ ጊዜውን እዩ። ብዙ ትምህርት ቤት ጉዞ የሚያወጣው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ። ጢስ አባይ ግን በዚያን ጊዜ የሚሳሳበት ወቅት ነው። ክረምቱ አልፏል፤ ከወንዙም ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሄዳል። ልጁ ወደ 40 ሜትር የሚወርድ ጢስ አያለሁ ብሎ ሄዶ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ጢስ አባይ መስከረምና ጥቅምት ነው። በበጋ መሄድ ግድ ከሆነ ርዕሱን ቀይሩት፦ ውሃው የት ሄደ? መብራት እንዴት ይሆናል? ከፏፏቴው በታች ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ያለ ሲሚንቶ እንዴት ቆመ? እንዲህ ከሆነ ግንቦትም ይሆናል።

ቆጋ ተቃራኒው ነው። መታየት ያለበት በበጋ ነው፤ ዙሪያው ደርቆ ቦዩ ሲሞላ። ጮቄ ብርዱ ከባድ ነው፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ። ግሽ አባይ ጠበል ነው፤ ሥርዓቱን ከቦታው ካህናት ጠይቃችሁ ግቡ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጉዞ ላይ ስንት ልጅ ቆሞ ያያል? ከዚያ የባሰም አለ፤ ስንት ልጅ ቤቱ ይቀራል? መኪና ኪራይ ተካፍሎ መክፈል ያልቻለው ልጅ ይቀራል። ሰኞ ዕለት «ያያችሁትን ጻፉ» ሲባል ባዶ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ይህ ለኔ ከባድ ነገር ነው። ሁሉም ልጅ የማይሄድበት ጉዞ የክፍል ተግባር ተብሎ ነጥብ ሊያዝበት አይገባም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ለማይችሉት የሚሸፍን ከሆነ ሂዱ። ካልሆነ ቅርቡን ምረጡ።

ቅርቡ ደግሞ ውርደት አይደለም። ወፍጮ ቤትን እዩት። በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሚዛን አለ፤ ቁናና ኪሎ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። ሞተሩ ቀበቶ ያዞራል፣ ቀበቶው ድንጋዩን ያዞራል፤ ትንሹ መዘውር ከትልቁ ለምን እንደሚፈጥን በዓይን ይታያል። እህሉ ሲገባ ስንት ነበር፣ ዱቄቱ ሲወጣ ስንት ሆነ? ልዩነቱ የት ሄደ? (ባለ ወፍጮውን ይህን ጥያቄ በጨዋ ደንብ ጠይቁት።) አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ቀበቶው አጠገብ ልጅ አይቁም፤ በአንድ ጊዜ ከአሥር ልጅ በላይ አይግባ። ሌሎቹ ውጭ ሆነው የመጡትን ሴቶች ይጠይቁ፦ ምን ይዛችሁ መጣችሁ? ስንት ኪሎ? ለምን ይሆናል? እናንተ ወፍጮውን ከምታሳዩአቸው ይልቅ እነሱ ከእናቶቹ ብዙ ይቃርማሉ።

ሸማኔም እንደዚያው ነው። ጥለቱ ላይ የሚደጋገመውን ንድፍ ልጆቹ በስኩዌር ወረቀት ላይ ያውርዱት፤ ሲሜትሪ ማለት እሱ ነው።

ገበያስ? በገበያ ቀን ክፍሉ እንደሚጎድል የታወቀ ነው። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ይብሳል። ልጁን ከመቅጣት ሥራ ስጡት፦ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የድንችና የሽንኩርት ዋጋ ጠይቆ ይምጣ። ለአራት ገበያ ከተጠራቀመ ባር ግራፍ ይሆናል። ዘወትር «ቀሪ» የሚባለው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጃ ይዞ የመጣው እሱ ይሆናል።

ጓሮ አትክልት ወይስ ችግኝ?

በአጭሩ፦ ቧንቧ ወይም ጉድጓድ ካላችሁ ጓሮ፣ ከሌላችሁ ችግኝ።

ጓሮ አትክልት ቶሎ ይታያል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ትንሽ መደብ ከተሰጠ ማንም ቆሞ አያይም። ግን ከጥቅምት ማለቂያ በኋላ ዝናብ የለም። ቅዳሜና እሑድ ማን ያጠጣል? የሴሚስተር እረፍትስ? አጥሩስ? አንዲት ላም በአንድ ከሰዓት የሁለት ወር ትምህርት ትጨርሳለች። ይህን ሳትመልሱ አትጀምሩ። የጥበቃው ሰውዬ ከተስማሙ ግማሹ ተመለሰ፤ ከጎመኑ ይካፈሉ።

ችግኝ ተከላ ላይ ቅሬታ አለኝ። የሚተከለው ሐምሌ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ይጠራሉ፣ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይበተናሉ። ይህን ወደ ትምህርት የሚለውጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማፍላቱን ልጆቹ ራሳቸው በበጋ መጀመራቸው ነው። አሮጌ ፕላስቲክ ከረጢት፣ አፈር፣ ፍግ፣ የግራር ወይም የዋንዛ ዘር። አንድ ልጅ አንድ ከረጢት፣ ስሙ ተጽፎበት። በዕቃ እጣቢ እንኳ ይጠጣል። ሁለተኛው መስከረም ላይ ተመልሶ የጸደቀውን መቁጠር ነው። ከተተከለው ስንቱ ቆመ? 6ኛ ክፍል ከሆኑ በመቶኛ ያስሉት። ቁጥሩ ሊያሳፍር ይችላል፣ ይሁን። የፋግታ ለኮማ አካባቢ ልጆች ደግሞ ለከሰል የሚተከለውን ዛፍ፣ ዲከረንስን፣ ከወላጆቻቸው ማሳ ያውቁታል፤ ከሰሉ፣ ዋጋው፣ የቆረጣው ጊዜ። እዚያ መምህሩ ጠያቂ ቢሆን ይሻላል።

ተረት የሚያወሩ እንግዳ ወይስ የንባብ ሰዓት?

እዚህ ላይ የኔ መለኪያ ብዙም አይሠራም። አንዲት አያት መጥተው «ተረት ተረት» ሲሉ፣ 60 ልጅ «የላም በረት!» ብሎ ከመለሰ በኋላ ዝም ብሎ ነው የሚሰማው። ያ ዝምታ ግን የሥራ ነው።

ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ተረቱን አስቀድሙ። እማማ ወይም አባባ ሲመጡ ወንበር፣ ውሃ፣ አክብሮት። ንግግራቸውን አታቋርጡ፤ «ጭብጡ ምንድን ነው?» እያላችሁም አታድክሟቸው። ከሄዱ በኋላ ጥንዶቹ ተረቱን እርስ በርሳቸው ይድገሙት፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ይሙላ። አዊ ዞን ከሆናችሁና ልጆቹ በአዊኛ የሚማሩ ከሆነ ተረቱም በአዊኛ ይሁን። እንቆቅልህም ጥሩ ነው፤ «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ልጆቹ የወረዳውን ስም በሙሉ ይጨርሱታል፣ ጂኦግራፊ ሳይባል ጂኦግራፊ ነው።

ከ3ኛ ክፍል ወዲያ ንባቡ ይቅደም። ማንበብ ያልቻለ ልጅ የትኛውም ተግባር አያድነውም። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ከሆነ የ6ኛ ክፍል ልጆችን ጥሯቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ታናናሾችን ይዞ ዛፍ ሥር ይቀመጥ። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ጀምሮ ያደርገዋል፤ የኔታ ብቻቸውን አያስቆጥሩም፣ ትልቁ ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል። ትልቁም ሲያስነብብ ራሱ ይሻሻላል፤ በታናሽ ፊት መንተባተብ ማንም አይወድም።

የቀሩት በአጭሩ

በመምህሩ ስልክ ቪዲዮ ማሳየት፦ አንድ ስልክ ለ60 ልጅ አይሆንም። ፕሮጀክተርና መብራት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ድምፁን ብቻ ለማሰማት ተጠቀሙበት፣ ለምሳሌ ለእንግሊዝኛ አነባበብ።

ሚኒ ሚዲያ፦ ለሚናገሩት አራት ልጆች ድንቅ ነው። ተናጋሪዎቹ በየሳምንቱ ይቀያየሩ፤ ድምፁ የሚያምረው ልጅ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አይያዘው።

ጥያቄና መልስ ውድድር፦ ሁሉም ይወደዋል፣ ለበዓልም ይደምቃል። ከየክፍሉ ሁለት ጎበዝ ወጥቶ ይወዳደራል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ለበዓል ይሁን። ለክፍል ግን ለውጡት። የካርቶን ቁራጭ ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ ለጥንድ አንድ ይበቃል። ጥያቄው ይነበባል፣ ጥንዶቹ ተንሾካሹከው መልሱን በጠመኔ ይጽፋሉ፣ «አንሱ!» ስትሉ 30ው ካርቶን አንድ ላይ ይነሳል። ማን እንዳወቀ፣ ማን ከጎረቤት እንደሰረቀ፣ የትኛውን ትምህርት ነገ መድገም እንዳለባችሁ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ጠመኔውን ሰብራችሁ ግማሽ ግማሹን አድሉ፤ ሙሉውን ከሰጣችሁ ሳምንት አይቆይም።